ናፍታ አይፈነዳም ያለው ማነው?

ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪበያህ፣ ወደ ሐርቲሼክ፣ ወደ ሐርሺንና ወደ አውበሬ እየተመላለሱ እንጀራቸውን በሚበሉ ሾፌሮች ዘንድ አንድ የጸና እምነት አለ። የላንድ ክሩዘሩ ሳልባትዮ፣ ማለትም የነዳጅ ታንኩ፣ በድንጋይ ቢመታ፣ ቢሰነጠቅ ወይም ቢበሳ ነገሩ ቀላል ነው ይላሉ። ሜዳ ላይ ከሆነ ደረቅ ሳሙና ይለጠፍበታል። ከተማ ሲገባ በያጅ ይጠራል፤ በያጁም ሳልባትዮውን ሳያወርድ፣ ሳያጥብ፣ ከመኪናው ስር ገብቶ ሁለት ኤሌክትሮድ ያቃጥልበትና ሥራው ያልቃል። አደጋ የለውም ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ቤንዚን ቢሆን አዎ። ይሄ ናፍታ ነው። ናፍታ አይፈነዳም።»

ይህን የሚሉት ሰዎች ሥራቸውን የማያውቁ አይደሉም። የሐውድን ሜዳ በሌሊት አቋርጠው የሚያድሩ፣ የሞተርን ሕመም በድምፁ የሚለዩ፣ አንዳንዶቹም ሐርቲሼክ ትልቅ የስደተኞች ጣቢያ ከነበረበት ዘመን ጀምረው እህልና ውሃ ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው። የምከራከራቸውም ስለማከብራቸው ነው። ጀማሪ ሲሳሳት ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከእሱ አያልፍም። የተከበረ ሾፌር ወይም ስመ ጥር በያጅ ሲሳሳት ግን ረዳቱም፣ ከረዳቱ በኋላ የሚመጣውም ልጅ ስህተቱን እንደ ሙያ ይወርሰዋል። «ናፍታ አይፈነዳም» እንዲህ ሲወረስ የኖረ ስህተት ነው፤ ሰው ይገድላል።

ከመነሻው እንጀምር። የሚነደው ፈሳሹ ነዳጅ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚወጣው ትነት ነው፤ እሱም ከአየር ጋር በተወሰነ መጠን ሲደባለቅ ብቻ። የቤንዚን ትነት ከአየሩ 1.4 በመቶ ገደማ ሲደርስ እሳት ይቀበላል፤ ከ7.6 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ደግሞ አየር ስለሚያጥረው አይነድም። የናፍታ ትነትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ እንዲያውም ዝቅተኛው ወሰኑ ከ1 በመቶ በታች ነው። የሁለቱ ልዩነት ሙቀት ላይ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል፤ ናፍታ ግን ከ52 እስከ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት። የሾፌሮቹ እምነት የተነሳው ከዚህ ነው፤ እስከዚህ ድረስም እውነት አላቸው። በቀዝቃዛ ናፍታ ላይ የወደቀ ክብሪት የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ብየዳ ግን ክብሪት አይደለም። የኤሌክትሪክ ብየዳ ሙቀት በሺዎች ዲግሪ የሚቆጠር ነው፤ ሳልባትዮው ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ላሜራ ነው። ኤሌክትሮዱ ከውጭ በነካው ቅጽበት በውስጥ በኩል ላሜራው ላይ የተለጠፈው ናፍታ ይፈላል፤ ይተናል። ያ 55 ዲግሪ የተባለው መከላከያ በሰከንድ ውስጥ ይታለፋል። በያጁ ናፍታውን በገዛ እጁ ያተነዋል፤ ወዲያውም በገዛ እጁ ይለኩሰዋል። ለዚህ የሚበቃው ናፍታ ምን ያህል እንደሆነ ማስላት አይከብድም። 90 ሊትር በሚይዝ ባዶ ሳልባትዮ ውስጥ ትነቱ ወደ ዝቅተኛው የመቀጣጠያ ወሰን እንዲደርስ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ናፍታ ቢተን ይበቃል። ማፍሰሻው ተፈትቶ የመጨረሻዋ ጠብታ ወርዳለች በተባለ ሳልባትዮ ውስጥ፣ በመጋጠሚያው ስፌትና በውስጥ ክፍፍሎቹ ጥግ ከዚህ እጥፍ ድርብ የሆነ ይቀራል። የግመል ወተት የሚያዝበት ዕቃ ታጥቦም የታጠነበት ጭስ ሽታ እንደማይለቀው፣ የነዳጅ ዕቃም አንዴ በመገልበጥ ነዳጁን አይለቅም።

«ባዶ ነው እኮ» የሚለውም ማጽናኛ በዚሁ ይወድቃል። እስከ አፉ የተሞላ ሳልባትዮ ውስጥ አየር ስለሌለ ውስጡ የሚፈነዳ ነገር የለም። ባዶው ግን ትነቱንም አየሩንም በአንድ ላይ ይዟል፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

ነገሩ የጋራዥ ወሬ እንዳይመስል አንድ የታወቀ አደጋ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1996 ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ የበረረ የቲ.ደብሊው.ኤ. ቦይንግ 747 አውሮፕላን ከተነሳ ከ12 ደቂቃ በኋላ አየር ላይ ፈንድቶ የተሳፈሩት 230 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መጀመሪያ ቦምብ ነው፣ ሚሳይል ነው ተባለ። አራት ዓመት የፈጀው ምርመራ የደረሰበት ግን የመካከለኛው የነዳጅ ታንክ መፈንዳቱን ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሊትር በሚይዘው በዚያ ታንክ ውስጥ የነበረው 190 ሊትር ገደማ ብቻ ነበር። ነዳጁም ቤንዚን አልነበረም፤ ከላምባ የሚዛመድ የጄት ነዳጅ ነበር። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ከታንኩ ስር ያሉት የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ሲሠሩ ቆይተው አሙቀውታል። ጥቂት ነዳጅ፣ ብዙ አየር፣ ከስር የሚመጣ ሙቀት። ጅግጅጋ ውስጥ ክሪክ ላይ የተሰቀለ ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ስር ኤሌክትሮድ የያዘ ሰው ሲገባ እነዚያው ሦስቱ ነገሮች ይገናኛሉ፤ እዚህ ብልጭታውን ፍለጋ ምርመራ አያስፈልግም፤ በሰውየው እጅ ነው።

ደግሞስ የምንሟገትለት ናፍታ የማን ናፍታ ነው? 55 ዲግሪ የሚባለው ለንጹሕ ናፍታ ነው። በአገራችን ናፍታ ላይ ላምባ መቀላቀል የቆየ ወንጀል ነው። በክልሉ ከተሞች ደግሞ ማደያ ሲደርቅ ነዳጅ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ትናንት ቤንዚን የነበረበት ጀሪካን ዛሬ ናፍታ ይቀዳበታል። ትንሽ ቤንዚን የገባበት ናፍታ ደግሞ ትነቱ የናፍታ ትነት አይደለም፤ በቀዝቃዛው አየር ራሱ እሳት ለመቀበል የተዘጋጀ ነው። ሾፌሩ በሳልባትዮው ውስጥ ምን እንዳለ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ሳልባትዮው አዲስ በነበረበት ቀን ብቻ ነው። ወደ ሲቲ ዞን ቆላ፣ ወደ ሺኒሌ፣ ወደ አይሻና ወደ ደወሌ ስንወርድ ሙቀቱ ይጨመርበታል። ከሞተሩ ሞቆ የሚመለሰው ናፍታ፣ ከማርሚታው የሚወጣው ግለትና የመሬቱ ትኩሳት ተደምረው፣ ጎዶሎ የሆነውን ሳልባትዮ ብየዳ ሳይነካው ወደዚያ የ55 ዲግሪ ወሰን ያቀርቡታል።

እዚህ ላይ የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «ስንት ዓመት ሲበየድ ኖሯል፤ እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» ይህ መከራከሪያ ብርቱ የሚመስለው የሚናገረው ሰው በሕይወት ስላለ ነው። ከወሰኑ በታች የሆነ ትነት አይነድም፤ ከወሰኑ በላይ የሆነም አይነድም። በያጁ ብዙ ጊዜ የተረፈው ከሁለቱ በአንዱ በኩል ስለገባ ነው፤ ያንን ሲመርጥ ግን መለኪያ አልነበረውም፤ መምረጡንም አያውቅም። ያልተረፈው ደግሞ ሻይ ቤት ተቀምጦ የእሱን ወገን አይናገርም። የሥራ ደኅንነት ሕግ በጠነከረባቸው አገሮች ለዚህ ጉዳይ የማያሻማ ድንጋጌ የወጣው ሰዎች በሰልፍ ከሞቱበት በኋላ ነው። የአሜሪካ ደንብ ነዳጅ የያዘ በርሜል ወይም ታንክ የሚቀጣጠል ነገር እንዳልቀረበት ተረጋግጦ እስኪጸዳ ድረስ ምንም ዓይነት ብየዳ ወይም ቆረጣ እንዳይነካው ይከለክላል፤ ናፍታ ነው፣ ቤንዚን ነው ብሎ አይለይም።

አንዳንዱ በያጅ ደግሞ ጥንቃቄ አለኝ ባይ ነው። ሁለት ዘዴዎቹን በደንብ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ሰውን የሚያዘናጉት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ውሃ መሙላት ነው። ሐሳቡ ትክክለኛ መነሻ አለው፤ ውሃ አየሩንም ትነቱንም ያስወጣል። ነገር ግን ናፍታ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ያልታጠበ ሳልባትዮ ውስጥ ውሃ ሲሞላ ከታችና ከጥግ የነበረው ናፍታ ሁሉ ተሰብስቦ ከላይ ይወጣል፤ ከላይ ያለው ደግሞ ሊበየድ የተዘጋጀው ቦታ ነው። በውስጡ ያሉት ክፍፍል ላሜራዎችም አየርና ትነት አፍነው ሊያስቀሩ ይችላሉ። ውሃው የሚረዳው ሳልባትዮው ከወረደ፣ በሙቅ ውሃና በኦሞ ደጋግሞ ከታጠበ በኋላ፣ እስከ ስንጥቁ አፋፍ ሲሞላና መተንፈሻው ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። መኪናው ላይ እንደተሰቀለ፣ በዚያ ላይ ስንጥቁ ከሆዱ በኩል ሆኖ፣ ውሃ ሞላሁ ማለት ትርጉም የለውም፤ ከስር ያለ ስንጥቅ ውሃ አይይዝም። ውሃ በአህያ ጋሪ እየተገዛ በሚጠጣበት ከተማ ደግሞ ሁለት ሳልባትዮ ያለውን ሃርድ ቶፕ በሙሉ ውሃ የሚሞላ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ አብዛኛው «ትንሽ ውሃ ጨመርኩበት» የሚለው ነው። ትንሽ ውሃ ምንም አይሠራም።

ሁለተኛው የማርሚታ ጭስ ማስገባት ነው። ጭሱ ኦክስጅን የለውም፣ ስለዚህ እሳቱን ያፍነዋል ይባላል። በቤንዚን ሞተር ጭስ ቢሆን ሐሳቡ ጥቂት እውነት ነበረው። የናፍታ ሞተር ግን ሳይጫን፣ በዝግታ ሲሠራ፣ ከሚያስፈልገው እጅግ የበዛ አየር ስቦ አብዛኛውን ሳይጠቀምበት መልሶ ያወጣዋል። የጭሱ ኦክስጅን ከተራው አየር ብዙም የማይተናነስ ነው፤ ነዳጅ የማይነድበት መጠን ድረስ አይወርድም። ስለዚህ ከጎን የቆመውን የሌላ ላንድ ክሩዘር ጭስ በቱቦ የሚያስገባ በያጅ ወደ ሳልባትዮው የሚነፋው የሞቀ አየር ነው። ሙቀቱ ደግሞ ናፍታውን ያተነዋል።

አሁን ወደ ሥራው ቦታ እንቅረብና ማን ምን እንደሚያደርግ እንይ። መኪናው በክሪክ ይነሳል። ረዳቱ ልጅ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ይገባል። የማፍሰሻውን ቡሎን ሲፈታ የመጀመሪያው ናፍታ ሳፋው ውስጥ ከመውረዱ በፊት በክንዱ ላይ ይፈስሳል፤ በብብቱ አልፎ ሸሚዙ ይጠጣዋል። በጨርቅ ያብሳል፤ ጨርቁን አጠገቡ ይጥላል። ሳፋው ናፍታ እንደያዘ ወደ ጎን ይገፋል። ከዚያ የብየዳው ኬብል ይመጣል፤ በያጁ ይገባል፤ ልጁ ግን አይወጣም፤ ባትሪ መብራት ይይዛል። እነዚህ ሁሉ በሁለት ሜትር ውስጥ ናቸው። ጨርቅ የጠጣው ናፍታ ደግሞ እንደ ባልዲው ናፍታ አይደለም። የፋኖስ ክር ላምባውን እንደሚስበው ጨርቁም ናፍታውን ስቦ በቀላሉ ይነዳል፤ 55 ዲግሪን አይጠብቅም። ሳልባትዮው ባይፈነዳ እንኳ አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ የልጁን እጅጌ ለማቀጣጠል ትበቃለች።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም ሕይወቱንና ጤናውን አደጋ ላይ በሚጥል ሥራ ማሰማራትን አይፈቅድም። ናፍታ የነካው ሸሚዝ ለብሶ ከሳልባትዮ ስር መብራት የሚይዝ ልጅ ለዚህ ሕግ ግልጽ ምሳሌ ነው። መኪናው የእርዳታ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ የነጋዴ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የጫት ጫኝ ሊሆን ይችላል። ባለንብረቱ በዚያ ሰዓት ቢሮው ነው ወይም ሆቴል ተቀምጧል። ሂሳቡ ረከሰልኝ ሲል ያተረፈው ከዚያ ልጅ ቆዳ ላይ ነው።

ስለ ርካሽነቱም እንነጋገር፤ ዋናው የመከራከሪያ ምሽግ ይሄ ነውና። «አዲስ ሳልባትዮ ከየት ይመጣል? ዋጋውስ?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ብየዳው በራሱ ምን ዓይነት ጥገና እንደሆነ ይታይ። የብረት ሳልባትዮ ብዙ ጊዜ ከዝገት የሚጠብቅ ስስ ልባስ አለው፤ የብየዳው ሙቀት ያንን ልባስ ዙሪያውን ያቃጥለዋል። ከዚያ ቦታ ዝገት ይጀምራል፤ ዝገቱ ተፈርፍሮ ፊልትሮውን ይዘጋል፤ ፊልትሮው ያለፈው ደግሞ ፖምፓና ኖዝል ይበላል። ቀጭኑ ላሜራ ከብየዳው ጎን ስለሚደርቅ በኮረኮንቹ ንዝረት ስንጥቁ ከዚያው አጠገብ ይመለሳል። አንድ ሳልባትዮ ላይ ተደራርበው የሚታዩት የብየዳ ጠባሳዎች የበያጁን ጉብዝና አያሳዩም፤ ጥገናው እንዳልያዘ ያሳያሉ። የአንድ ሊትር ናፍታ ዋጋ ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን፣ በየመንገዱ ጠብ እያለ የሚቀረው ናፍታ ራሱ ቢደመር ደህና ያገለገለ ሳልባትዮ ይገዛል። ያገለገለ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አለ፤ ከጅግጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ቢርቅም በየቀኑ መኪና ይመላለሳል። በቶጎ ውጫሌ በኩል ከሀርጌሳ ገበያ የሚመጣውም ዕቃ ለጅግጅጋ ሰው እንግዳ አይደለም።

ግዛ ማለት ብቻ ሳይሆን በትክክል ማስጠገንም ይቻላል። ሳልባትዮው ይወርዳል፤ ተንሳፋፊ መለኪያውና ቱቦዎቹ ይወልቃሉ፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል፤ በእንፋሎት ይነፋል፤ ክፍት ሆኖ አየር ያገኛል፤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ እሳት አይቀርበውም። ሽታ መጥፋቱም ብቻውን ማረጋገጫ ስላልሆነ፣ ከታጠበ በኋላ ከላይ እንደተባለው በውሃ ይሞላል ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። በያጁ ከጫፉና ከክዳኑ ፊት አይቆምም። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ እሳት ጨርሶ አያስፈልገውም፤ ቀለሙ ተፍቆ፣ ታጥቦና ደርቆ ጥሩ ኤፖክሲ ቢለጠፍበት ብዙ ይሄዳል። ፕላስቲክ ሳልባትዮ ላይ ግን ተራ ኤፖክሲ አይዝም፤ የሚቀየር ነው።

ለሳሙና ደግሞ የሚገባውን ክብር ልስጠው፤ የምቃወመው ሳሙናውን አይደለም። ሜዳ ላይ ከሁሉም የተሻለው ዘዴ እሱ ነው፤ ምክንያቱም እሳት አይጠይቅም፤ በነዳጅም አይሟሟም። ደረቁ ሳሙና ስንጥቁ ውስጥ እስኪገባ ይፈተጋል፤ በላዩ የካላማዳሪ ቁራጭ ተደርጎ በገመድ ወይም በማሰሪያ ይጠበቃል። ክብ ቀዳዳ ከሆነ የጎማ ዋሸር ያለበት ቪቴ የተሻለ ይይዛል። ሁለት ሳልባትዮ ያለው መኪና ከሆነ ሾፌሩ ወዲያው የተጎዳውን ሳልባትዮ ነዳጅ መጀመሪያ ይጠቀማል፤ ጤነኛውን ያቆየዋል። መኪናውን ስንጥቁ ወደ ላይ በሚሆንበት ተዳፋት ማቆምም ብዙ ሊትር ያድናል። ጀሪካን ጣራ ላይ አስሮ በቱቦ ወደ ፖምፓው ማውረድም በናፍታ መኪና ከሜዳ ያወጣል፤ በቤንዚን መኪና ግን በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማንጠልጠል ስለሆነ አይሞከርም። በዚህ ሁሉ የሾፌሮቻችን ዕውቀት የሚከበር ነው።

ችግሩ የሜዳው መፍትሔ የከተማ መፍትሔ ሲሆን ነው። ሳሙና በነዳጅ ባይሟሟም በውሃ ይሟሟል። የጉ ወቅት ዝናብ ወይም የከረን ወቅት ጎርፍ መጥቶ መኪናው ቶጉን፣ ማለትም ዝናብ ሲጥል የሚሞላውን ደረቅ ወንዝ፣ ሲሻገር፣ ለሳምንታት የያዘው ሳሙና በአንድ መሻገር ታጥቦ ይሄዳል። ሾፌሩ ይህን የሚያውቀው ከወንዙ ማዶ፣ መለኪያው ዜሮ ላይ ሲወርድ ነው። ሳሙናው እስከ መጀመሪያው ከተማ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሳሙናው ጥፋት አይደለም።

የሚንጠባጠበው ናፍታ የሚሄድበትንም ማሰብ ይገባል። በሐርሺን፣ በሐርቲሼክና በቀብሪበያህ በኩል ያለው ሕዝብ ከጉድጓድ ውሃ ይልቅ የሚተማመነው የዝናብ ውሃ በሚጠራቀምበት በብርካ ነው፤ ብርካውም የሚሞላው ከሜዳና ከመንገድ በሚወርደው ጎርፍ ነው። መኪና የሚቆምበት ደጅ ላይ ሲንጠባጠብ የሰነበተ ናፍታ በመጀመሪያው ዝናብ ወደዚያው ይወርዳል። ሰውም ግመልም የሚጠጣው ያንን ነው።

ስለ ተጨማሪ ሳልባትዮም አንድ ነገር ልበል። ነዳጅ በድንበር ማዶ በተሻለ ዋጋ ስለሚሸጥ፣ በሰፈር ጋራዥ በላሜራ ተሠርቶ ከመኪናው ስር የሚንጠለጠል ተጨማሪ ሳልባትዮ በድንበሩ መንገድ የታወቀ ነው። ኮንትሮባንዱን ለሕግ ልተወው። የሚያሳስበኝ የአሠራሩ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ በውስጡ ክፍፍል የለውም፤ ነዳጁ በየጉድጓዱ ከጫፍ ጫፍ እየተላተመ ስፌቱን ይፈለቅቀዋል። ከመሬት ያለውን ከፍታ ይቀንሳል፤ ድንጋይ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ሲቀደድ ደግሞ ባለቤቱ በቀን ብርሃን ሊያሳየው ስለማይፈልግ በሌሊት፣ በችኮላ፣ ነዳጁ በደንብ ሳይወርድ ይበየዳል። ከዚህ የከፋ ሁኔታ ማሰብ ይከብደኛል።

ሳልባትዮ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ደግሞ በድንገት አይደለም። ማሰሪያ ቀበቶው ላልቶ፣ በመካከሉ ያለው ጎማ ተበልቶ፣ ላሜራው ከብረት ጋር ሲፋተግ ከርሞ ነው የሚሰነጠቀው። ከመጠን በላይ የተጫነ መኪና ባሌስትራው ተኝቶ ሆዱ መሬት ይፈልጋል። ዘይት ሲቀየር አንድ ሰው ከስር ገብቶ ቀበቶውን ቢያጠብቅ፣ የመተንፈሻ ቱቦውን አቧራ ቢያጸዳ፣ ከሳልባትዮው ስር ጠንካራ መከላከያ ላሜራ ቢታሰር አብዛኛው ጣጣ አይመጣም ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ ለአራት ወገን ነው። የክልሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ብየዳ ሲያስተምሩ ነዳጅ የያዘ ዕቃን ማጽዳት ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ያድርጉት፤ ቦሎ የሚሰጡ መርማሪዎችም የመብራቱን ያህል ከስር ገብተው ሳልባትዮውን ይዩት። ብዙ ላንድ ክሩዘር ያላችሁ ድርጅቶች፣ መኪናችሁ ሳልባትዮው ሳይወርድ ከተበየደ ሂሳብ አንከፍልም ብላችሁ በውላችሁ ጻፉ፤ የጋራዡን ልማድ ከአዋጅ ይልቅ የእናንተ ውል ቶሎ ይለውጠዋል። አንተም ወንድሜ ሾፌሩ፣ በያጁ ሳልባትዮውን ሳያወርድ ልበይድልህ ቢልህ፣ ወዳጅህም ቢሆን፣ ስመ ጥርም ቢሆን፣ ያንን ባትሪ የያዘውን ልጅ ከመኪናው ስር አስወጣና ቁልፍህን ይዘህ ሂድ።